ምሕላ፤ ጠላት የማይጠራበት ጸሎት

ምሕላና መሐላ ለጆሮ እጅግ የተቀራረቡ ስለ ሆኑ፣ ከአንድ ግንድ የበቀሉ የሚመስለው ሰው ጥቂት አይደለም፤ ነገር ግን በግእዙ ሰዋስው መሐላ «መሐለ» ከሚለው ግስ ሲወጣ፣ ምሕላ የሚወጣው «ተማሕለለ» ከሚለው፣ ትርጓሜውም ለመነ፣ ማለደ ከሆነው ግስ ነው። ልዩነቱም የሰዋስው ብቻ አይደለም። የሚምል ሰው በራሱ እውነት ላይ ቆሞ እግዚአብሔርን ምስክር ይጠራል፤ ምሕላ የያዘ ግን የሚቆምበት እውነት እንደሌለው አስቀድሞ አምኖ በግንባሩ ይወድቃል።

የሥርዓቱ አብነት ነነዌ ናት። በትንቢተ ዮናስ እንደ ተጻፈው፣ ንጉሡ ከዙፋኑ ወርዶ፣ ማቅ ለብሶ፣ በዐመድ ላይ ተቀመጠ፤ ሰው ብቻ ሳይሆን ከብቱም ሣርና ውሃ ተከለከለ። ቤተ ክርስቲያን ይህን መታሰቢያ ዐቢይ ጾም ከሚገባበት ሰኞ ሁለት ሳምንት አስቀድማ፣ ሰኞ፣ ማክሰኞና ረቡዕ በጾም ታከብረዋለች፤ ከዚህም ሌላ ዝናም ሲጠፋ፣ ተስቦ ሲገባ፣ ጦር ሲነሣ፣ ከዓመቱ ሥርዓት ውጭ የምሕላ ሱባዔ ይታወጃል።

በዚያን ጊዜ ደወል ይደወላል፣ ካህናቱም ተሰብስበው ጸሎቱን ሲመሩ፣ ምእመናኑ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ «እግዚኦ» የሚለውን ልመና አርባ አንድ ጊዜ እየደጋገሙ ይሰግዳሉ። አዛውንቱ ጉልበቱ እየከዳው፣ ሕፃኑ ቃሉን ሳይረዳው፣ ሁሉ በአንድ ድምፅ ነው። በየገጠሩም ደንጊያ በጫንቃቸው ተሸክመው የሚወጡ አሉ፤ ይህ ልማድ ለእኔ ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቅ ነው፤ ምክንያቱም ደንጊያ መሸከም አስቀድሞ የቤተ ክርስቲያን ሳይሆን የዕርቅ ሸንጎ ልማድ ነውና። ሰው የገደለ ወይም ታላቅ በደል የበደለ ሰው በሽማግሎች እየተመራ፣ ደንጊያ ተሸክሞ በተበዳዩ እግር ላይ ይወድቃል፤ «ይቅር ብያለሁ» እስኪባል ድረስም ሸክሙን አያወርድም። እንግዲህ ሕዝቡ በምሕላ ጊዜ ይህንኑ ሸክም ይዞ በፈጣሪው ፊት ሲቆም፣ ከሳሽ ሆኖ ሳይሆን ተከሳሽ ሆኖ መቅረቡ ነው።

ይህን ስል ታሪኩን ላስጌጠው አልፈልግም። ታቦት ከጦር ጋር የዘመተበት ዘመን ብዙ ነው። በ1888 ዓ.ም. የቅዱስ ጊዮርጊስ ታቦት ከዳግማዊ ምኒልክ ሠራዊት ጋር ወደ ዐድዋ ወርዷል፤ አቡነ ማቴዎስም በዚያው ነበሩ፤ የካቲት 23 ቀን ጎሕ ሳይቀድ ንጉሠ ነገሥቱና እቴጌ ጣይቱ ቅዳሴ ላይ ሳሉ ነው ጠላት መቅረቡ የተነገረው። ይህ ድል የተለመነበት ጸሎት ነበረ፤ አገሩን ወራሪ የገባበት ሕዝብ ይህን ቢለምን የሚነቅፈው የለም። ከአርባ ዓመት በኋላ ደግሞ፣ የማይጨው ጦርነት በሽንፈት ካለቀ በኋላ፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ወደ አዲስ አበባ ከመመለሳቸው በፊት መንገዳቸውን ወደ ላሊበላ አጥፈው፣ ከዐለት በተፈለፈሉት አብያተ ክርስቲያናት በጸሎት ሰነበቱ። የመጀመሪያው ጸሎት ከድል በፊት፣ ሁለተኛው ከሽንፈት በኋላ መሆኑ ብቻ አይደለም የሚለያቸው፤ በላሊበላ የቀረበው ልመና ከምሕላው ጠባይ ጋር እጅግ የሚቀራረብ ይመስለኛል።

ጠላቱ ከውጭ የመጣ ሲሆን ነገሩ ቀላል ነው። ወንድም ከወንድሙ ሲጋጭ ግን የካህን ሥራ ሌላ ነው፤ መስቀል ይዞ፣ አንዳንድ ጊዜም ታቦት አውጥቶ፣ በተፋጠጡት መካከል መግባት ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። ቂም የያዘም ሳይታረቅ እንዳይቆርብ ሥርዓቱ ይከለክላል፤ በቅዳሴው መካከል ዲያቆኑ ስለ ሰላምታ ሲያውጅ ሕዝቡ በቀኝና በግራ እጅ እየተነሣሣ ሰላምታ የሚሰጣጠው ስለዚሁ ነው፤ ምንም እንኳ ዛሬ ብዙዎቻችን ከአጠገባችን የቆመው ማን እንደ ሆነ ሳናይ አንገታችንን ዝቅ አድርገን ብናልፈውም።

በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በሰሜን ጦርነት በተነሣ ጊዜ፣ በትግራይም፣ በዐማራም፣ በአዲስ አበባም ያሉ ካህናት በአንድ ግእዝ፣ በአንድ የያሬድ ዜማ «እግዚኦ» ይሉ ነበር፤ በአንዱ ወገን የሞተው ልጅ በሌላው ወገን እንደ ሞተው ልጅ በዚያው ፍትሐት ይሸኝ ነበር። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የሰላሙ ስምምነት በፕሪቶርያ ተፈረመ። ከዚያ ሦስት ወር በኋላ ግን መለያየት በቤተ ክርስቲያኒቱ በራስዋ ውስጥ ገባና፣ ቅዱስ ሲኖዶስ ምእመናን የነነዌን ጾም ጥቁር ለብሰው በምሕላ እንዲያሳልፉ ዐወጀ፤ ሰውም ከጥር 29 እስከ የካቲት 1 ቀን፣ ሦስቱንም ቀን፣ ነጭ ነጠላውን አስቀምጦ ጥቁር ለብሶ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደ።