አምስቱ ድምፅና አሥራ ሁለቱ፦ ስለ ሙላቱ አስታጥቄ

«ባህላችን ተበረዘ!» የሚለው ጩኸት አዲስ አይደለም። ሳክስፎን ከማሲንቆ ጎን በቆመ ቁጥር ይሰማል። ወዲያው ደግሞ «ዘመኑ ነው፣ ተዉን!» የሚል መልስ ይከተላል፤ ክርክሩም እዚያው ላይ ያበቃል። ሁለቱም ወገኖች ግን ዋናውን ጥያቄ ሳይነኩት ያልፋሉ። ለመሆኑ ሲቀላቀል ምኑ ነው የሚጠፋው? ምኑስ ይተርፋል? ይህንን በወሬ ሳይሆን በድምፅ ለመመለስ ዕድሜውን የሰጠ ሰው አለንና እስቲ ታሪኩን እንየው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሙላቱ አስታጥቄ በ1943 ጅማ ተወለደ። በ1950ዎቹ መጨረሻ ወደ ዌልስ የተላከው ምሕንድስና እንዲማር ነበር። ልቡ ግን ወደ ሙዚቃ አደላ። ለንደን ትሪኒቲ የሙዚቃ ኮሌጅ ገባ፤ ከዚያም ባሕር ተሻግሮ በቦስተን የቤርክሊ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ተማሪ ሆነ። እዚያ ቫይብራፎንና ሌሎች የምት መሣሪያዎችን አጠና። ቫይብራፎን የብረት ቁርጥራጮች እንደ ፒያኖ ተራ ተደርድረው በዱላ የሚመቱበት መሣሪያ ነው። እንደ ከበሮ ይመታል፣ እንደ ክራር ያዜማል።

ልብ እንበል፤ ማቀላቀልን የጀመረው ሙላቱ አይደለም። ከአድዋ ድል (1896) በኋላ የናስ መሣሪያዎች ከሩሲያ መጥተዋል። በ1924 ደግሞ «አርባ ልጆች» የተባሉት የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ከኢየሩሳሌም መጥተው፣ በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት የማርሽ ባንድ ሆኑ። የኬቮርክ ወንድም ልጅ ነርሲስም የአገራችንን ዜማ ለትልቅ ኦርኬስትራ እያቀናበረ ብዙ ሠርቷል። እንግዲህ ሙላቱ የመጣው የተጀመረ ሥራ ላይ ነው።

ችግሩ የቱ ጋ ነው? ቅኝቶቻችን ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፅ የቆሙ ናቸው። የአውሮፓው ሙዚቃ ደግሞ አሥራ ሁለት ድምፅ አለው። ትዝታን በሜጀሩ ብንወስድ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው፤ ፋ እና ሲ የሉበትም። አሁን አንድ ፒያኒስት ይህን ዜማ በለመደው የአውሮፓ ኮርድ ያጅበው እንበል። ዜማውን ወደ ቤቱ ለመመለስ የሚመታው የታወቀ ኮርድ ሶል፣ ሲ፣ ሬ፣ ፋ ነው። አያችሁ? ትዝታ ውስጥ የሌሉት ሁለቱ ድምፆች አብረው ገቡ! ዜማው ሳይነካ ጠረኑ ይለወጣል። «ተበረዘ» የሚለው ሰው የሚሰማው ይህንን ነው፤ ስሙን አያውቀውም እንጂ ጆሮው አልተሳሳተም።

የሙላቱ መፍትሔ ቀረጻዎቹ ላይ ይሰማል። ዜማውን ለአምስቱ ድምፅ ይተዋል። ኮርዱን ያሳንሳል፤ ባሱ አንድ አጭር ሐረግ ይዞ ይመላለሳል። ጃዙም በዚያው ዘመን በጥቂት ኮርድ መቆምን እየተማረ ነበር፤ የማይልስ ዴቪስ «ካይንድ ኦቭ ብሉ» የወጣው በ1959 ነው። ሌላው መገናኛ ምቱ ነው። የእኛ ችክችካ በስድስት ስምንተኛ ይሄዳል፤ አፍሪካውያን ይዘውት የሄዱት የኩባ ምትም እዚያው ላይ ያርፋል። ሙላቱ ኒውዮርክ ውስጥ ከላቲን ሙዚቀኞች ጋር ሆኖ በ1966 ሁለት «አፍሮ ላቲን ሶል» አልበሞችን ያወጣው፣ ኮንጋውንም ወደ አዲስ አበባ ያመጣው ያለ ምክንያት አልነበረም።

አገር ቤት ሁሉም እልል ብሎ አልተቀበለውም፤ ቫይብራፎን ምን ሊያደርግልን ያለም ነበር። እሱ ግን ቀጠለ። አምኃ እሸቴ በ1969 በጀመረው የሸክላ ማሳተሚያ ሥራዎቹ ታተሙ። በ1973 ዱክ ኤሊንግተን አዲስ አበባ ሲመጣ አብሮ ተጫወተ። በ1974 «የካቲት ኢትዮ ጃዝ» ወጣ። በዚያው ዓመት አብዮቱ መጣ፤ የሰዓት እላፊው የሌሊቱን መድረክ ለዓመታት ዘጋው። አምኃን ጨምሮ ብዙዎች ሲሰደዱ ሙላቱ እዚሁ ቀረ። ዓለም እንደገና ያወቀው በ1998 «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ አራተኛ ቁጥር፣ ቀጥሎም በ2005 «ብሮክን ፍላወርስ» በተባለ ፊልም ነው።

መምህርነቱም ከዚሁ የተለየ አይደለም። በ2007 እና 2008 ሃርቫርድ ተቀምጦ ክራር ከለመደው ቅኝት አልፎ ሌሎችንም እንዲጫወት የማሻሻልን ነገር አጠና፤ በቅዱስ ያሬድ ዜማ ላይ የተመሠረተ ኦፔራም ጀመረ። አዲስ አበባ ውስጥ «አፍሪካ ጃዝ መንደር»ን አቋቁሞ አስተማረ። በቃለ ምልልሶቹ ደጋግሞ የሚናገረው አንድ ነገር አለ፤ በየገጠሩ መሣሪያ የሠሩትና ድምፅ ያገኙት ሰዎች ሳይንቲስቶች ናቸው ይላል። ምሳሌውም የደራሼ ዋሽንት ነፊዎች ናቸው፤ ጃዝ የሚኮራበትን ዲሚኒሽድ ቅኝት እነሱ ከጥንት ይጫወቱታል ባይ ነው።

እንግዲህ ምን ጠፋ? የጠፋ የለም ማለት ውሸት ነው። የቫይብራፎን ብረት ድምፁ የተወሰነ ነው፤ ማሲንቆ ከድምፅ ወደ ድምፅ ሲንሸራተት የሚያስለቅሰንን ያንን መሐል መንገድ ሊመታው አይችልም። ሌላም ዕዳ አለ። የሙላቱ ስም ዓለም ሲዞር፣ ቅኝቱን ጠብቀው ያቆዩት የአዝማሪዎችና የነፊዎች ስም አብዛኛው አልተጻፈም። ይህ የእሱ ጥፋት አይደለም፤ መዝግቦ ማቆየት የእኛ፣ የተማሪዎቹ፣ ሥራ ነው።

ስለዚህ ጊታር የያዘ ጓደኛችን ትዝታን «ዘመናዊ» ላድርግ ሲል አንከልክለው፣ አናጨብጭብለትም። መጀመሪያ አንድ ነገር እንጠይቀው፦ ፋ እና ሲን የት ልታደርጋቸው ነው?