አርባ ሺህ ፈረስ ምን ይበላ ነበር?

ወዳጆቼ፣ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ይዤ መጥቻለሁ፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ።

የሐዲያን ታሪክ የተማረ ሰው አንድ ቁጥር አይረሳም። በ14ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው አረባዊው ጸሐፊ አል-ኡመሪ፣ የሐዲያ ንጉሥ 40,000 ፈረሰኛ፣ ከዚያ እጥፍ ወይም የሚበልጥ ደግሞ እግረኛ ያሰልፋል ብሎ ጽፏል። ሰውየው አገራችንን አላያትም፤ የጻፈው ከዚህ የሄዱ ሙስሊሞች የነገሩትን ነው። ይህን ባስተማርኩ ቁጥር ከኋላ ወንበር አንድ እጅ ይወጣና «ቲቸር፣ ቁጥሩ እውነት ነው?» ይባላል። እዚህ ሆሳዕና ላይ ያስተማርኳችሁ ታስታውሳላችሁ፤ ግማሹ ክፍል በኩራት፣ ግማሹ በጥርጣሬ ይከራከር ነበር።

እኔን ግን ከቁጥሩ ይልቅ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ያ ሁሉ ፈረስ ምን ይበላ ነበር?

ሒሳቡን እንሥራው። የኛ አገር ፈረስ ትንሽ ነው፤ 250 ኪሎ ይመዝናል እንበል። ፈረስ በቀን ከክብደቱ ሁለት በመቶ ያህል ደረቅ መኖ ይፈልጋል፤ ውሃው ሳይቆጠር 5 ኪሎ ማለት ነው። ለ40,000 ፈረስ በቀን 2,000 ኩንታል ሆነ! «ተጋንኗል» የሚለውን ሰምተን ወደ ሩብ ብናወርደው እንኳ በቀን 500 ኩንታል ነው። ይህን አጭዶ፣ ተሸክሞ የሚያበላ ሕዝብ የለም። ስለዚህ ፈረሱ ራሱ ሄዶ መጋጥ ነበረበት፤ ለመጋጥ ደግሞ ማለቂያ የሌለው ሜዳ ያስፈልጋል።

ሜዳው ነበረ። የያኔው ሐዲያ የዛሬው ሐዲያ ዞን አይደለም። ጀርመናዊው ተመራማሪ ኡልሪሽ ብራውኬምፐር በ1980 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የሐዲያ ታሪክ እንደሚያሳየው፣ የድሮው ሐዲያ ከስምጥ ሸለቆ ወደ ምሥራቅ የተዘረጋ፣ ከብት ላይ የተመሠረተ ኑሮ የነበረው አገር ነበር። ሕዝቡ አሁን ወዳለበት ደጋ የመጣው ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ጦርነትና ከዚያ በኋላ ከሆነው መፈናቀል ጋር ነው። እዚህ ሲደርስ እንሰት ከተካኑ ጎረቤቶች ጋር ገጠመ፤ ቀስ በቀስ እሱም እንሰት ተካይ ሆነ። ታሪካችን ይህን ሲያወራ ስለ ሰው ጓዳ ብቻ ነው የሚያወራው። የፈረሱ ጓዳ እኮ አብሮ ነው የተለወጠው። ሜዳ የነበረው ምግቡ ወደ ጓሮ ገባ።

እዚህ ላይ ስለ ፈረስ ሆድ ትንሽ ልናገር፤ ካልተናገርኩ የሚቀጥለው አይገባም። ላም አሰር ያለውን መኖ የምታቦካው ከፊት፣ በትልቁ ጨጓራዋ ውስጥ ነው፤ መልሳ ታመነዥካለች። ፈረስ አያመነዥክም። ጨጓራው ለአካሉ በጣም ትንሽ ነው፤ ከ8 እስከ 15 ሊትር ቢይዝ ነው። ሣሩን የሚያቦካለት ከኋላ፣ በትልቁ አንጀት ውስጥ ያለ የማይታይ የተሕዋስያን መንጋ ነው። ያ መንጋ ገለባውንና ሣሩን አብላልቶ ፈረሱ ጉልበት የሚያደርገውን አሲድ ያወጣለታል። ስለዚህ ፈረስን መመገብ ማለት መንጋውን መመገብ ነው። መንጋው ደግሞ ድንገተኛ ለውጥ አይወድም፤ ረሃብም አይወድም። ሜዳ ላይ የተለቀቀ ፈረስ ከ24 ሰዓት ውስጥ 16 ሰዓት ያህል የሚግጠው ስግብግብ ሆኖ አይደለም፤ ሆዱ የተሠራው ትንሽ ትንሽ እየተባለ ሳይቋረጥ እንዲገባበት ነው። ሌላም አለ፤ ፈረስ አያስመልስም። የገባው ነገር መውጫው አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። መንገዱ ከተዘጋ ተዘጋ።

ወደ ታሪኩ እንመለስ። በምኒልክ ዘመን ደቡቡ ከማዕከላዊው መንግሥት ሥር ሲገባ፣ ዋቸሞ የነበረችው ስፍራ ሆሳዕና ተብላ ከተማ ሆነች። እንደ ብዙዎቹ የደቡብ ከተሞች አመጣጧ ከጦር ሰፈር ጋር የተያያዘ ነው። ጦር ሰፈር ደግሞ ፈረስና በቅሎ የታሰረበት ነው፤ የታሰረ እንስሳ ራሱ አይግጥም። ማን አበላው? ገባሩ። የገባርን ግዴታ ስናስተምር እህል መፍጨቱን፣ ቤት መሥራቱን፣ አጥር ማጠሩን፣ ስንቅ መሸከሙን እንዘረዝራለን። ለመልከኛው ከብት ሣር ማጨድና ማቅረብ ግን ከዝርዝሩ ጫፍ ላይ በአንድ ቃል ያልፋል። ያችን ቃል ከላይ ባለው ሒሳብ መንዝሯት፦ ለአንድ ፈረስ 5 ኪሎ ደረቅ፣ በእርጥቡ ከሆነ ከዚያ ሦስትና አራት እጥፍ፣ በየቀኑ፣ ክረምት ከበጋ። አንድ ሰው ጀርባው ላይ የሚሸከመው ማለት ነው። የገባር ሥርዓት በሕግ የቀረው በ1930ዎቹ ዓ.ም. ነው፤ ሣር ተሸክመው ያደጉ አዛውንቶችን እኔም በልጅነቴ ደርሼባቸዋለሁ።

ከዚያ በኋላ መሬቱ ጠበበ። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከምባታ ጠምባሮ በካሬ ኪሎ ሜትር 500 ሰው ገደማ ነበረበት፤ ሐዲያ ደግሞ ከ340 በላይ። ያ ከተቆጠረ ስንት ዓመቱ! ከአንጋጫ እስከ ዱራሜ፣ ከሞርሲቶ እስከ ሾኔ ስትሄዱ የምታዩት ግጦሽ የመንገድ ዳርና የቤት ደጃፍ ነው። ፈረሱ በገለባና በጓሮ ቅጠል የሚኖር እንስሳ ሆነ።

ገለባ ሁሉ አንድ አይደለም። የጤፍ ጭድ ለስላሳ ነው፣ ይፈጫል። የገብስ ገለባ ከስንዴው ይሻላል፣ ግን ፂሙ አፍ ይወጋል። የስንዴ ገለባ እንጨትነት ይበዛበታል፣ ፕሮቲኑ ከቁጥር አይገባም፤ መንጋውም ቢሆን አብላልቶ አይጨርሰውም። የኛ ሌሞና ዱና ደግሞ የስንዴ አገር ናቸው። ስለዚህ ፈረሳችን በብዛት የሚያገኘው ያንን የመጨረሻውን ነው።

የጎደለውን የሚሞላው እንሰት ነበር። ከጥር እስከ መጋቢት ሣሩ ሁሉ ሲነድ እንሰት ብቻውን አረንጓዴ ሆኖ ይቆማል። ቅጠሉ ከገለባ እጅግ የተሻለ ፕሮቲን አለው። ችግሩ አብዛኛው ውሃ መሆኑ ነው፤ ከአሥር እጅ ስምንቱ በላይ። 5 ኪሎ ደረቅ መኖ ከእንሰት ቅጠል ብቻ እናግኝ ብንል 25 ኪሎና ከዚያ በላይ ቆርጠን ማቅረብ አለብን፤ ጓሮው በወር ራቁቱን ይቀራል። የገበሬው ብልሃት ማደባለቁ ላይ ነው፦ ደረቅ ገለባ ከእርጥብ ቅጠል ጋር። ቆላ ቀመስ በሆነው በኩል የስኳር ድንች ሐረግና የሸንኮራ ጫፍ ይጨመርበታል። ገለባው መንጋውን ሥራ ያስይዘዋል፣ ቅጠሉ ውሃና ፕሮቲን ይሰጠዋል። ይህን ማንም ባለሙያ አላስተማራቸውም። በእርግጥ ላሟ ቀድማ ትበላለች፣ ለፈረሱ የሚደርሰው የተረፈው ነው፤ ያም ቢሆን ይሠራ ነበር።

እንሰቱ ራሱ ደግሞ ታመመ። አጠውላጊውን የባክቴሪያ በሽታ ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ በ1968 እ.ኤ.አ. ለሳይንስ አስተዋወቁት፤ ዛሬም በየጓሮው አለ። በቢላዋ ይተላለፋል፤ የታመመውን የነካካ ከብትም ያዛምተዋል። ጓሮው ሲመናመን የፈረሱ የበጋ ስንቅም አብሮ ተመናመነ።

አሁን ወደ ከተማው ልግባ፤ የልቤ ነገር እዚህ ነው ያለው። ጋሪ ሲመጣ ፈረሱ ከጓሮ ወደ አስፋልት ዳር ወጣ። የጋሪ ፈረስ ጓሮ የለውም፤ የሚበላው ሁሉ በብር የሚገዛ ነው። እስር ሣር በብር፣ ገለባ በብር፣ ፉርሽካ በብር፣ ሲብስም ውሃው በብር። የሆሳዕና የውሃ ችግር ለእናንተ አይነገርም። የጋሪ ፈረስ በቀን ቢያንስ አንድ ጀሪካን ውሃ ይፈልጋል፤ ልጆቹ ጀሪካን ይዘው በሚሰለፉበት ቤት ፈረሱ ስንተኛ ይሆናል?

የፈረሱ ቀን እንዲህ ነው። ከንጋት እስከ ምሽት ልጓም አፉ ላይ ነው። እኩለ ቀን ላይ ፉርሽካ በከረጢት አንገቱ ላይ ይንጠለጠልለታል። ማታ ደክሞ ሲገባ አንድ ክምር የስንዴ ገለባ ይሰጠዋል፤ በረሃብ ይውጠዋል፣ በደንብ ሳያኝክ፣ በቂ ውሃም ሳያገኝ። ገለባው አንጀቱ ውስጥ ይደርቅና ይቆማል። ባለጋሪው ሲነጋ የሚያየው መሬቱን በኮቴው የሚጭር፣ ዞሮ ሆዱን የሚያይ፣ ወድቆ የሚንከባለል ፈረስ ነው። ቁርጠት። አንድ ጎረቤቴ የሆነ ልጅ በዚህ ዓይነት ፈረሱን አጥቶ «ጋሼ፣ ማታ ጠግቦ ነበር እኮ የተኛው» ብሎኛል። ጠግቦ ነበር፣ እውነቱን ነው። በዕዳ የተገዛ ፈረስ ነበር፤ ዕዳው ከፈረሱ በኋላም ኖረ።

ፉርሽካም ብቻውን ሲሆን መዘዝ አለው። ፎስፈረሱ ከካልሲየሙ በአሥር እጥፍ ገደማ ይበልጣል፤ ፈረሱ ጉድለቱን ለመሙላት ከገዛ አጥንቱ ካልሲየም ይወስዳል፣ የፊቱ አጥንትም ያብጣል። ይህ አዲስ ነገር አይደለም። በአውሮፓ «የወፍጮ ቤት ፈረስ በሽታ» ይሉት ነበር፤ ባለወፍጮው ፉርሽካው ስለሚተርፈው ፈረሱን በእሱ ስለሚቀልብ። የገበያ ጥራጊውን ደግሞ አታንሱት፤ ጎመኑ ሆድ ይነፋል፣ ከጎመኑ ጋር የሚዋጠው ፌስታል አንጀት ይዘጋል።

ሌላው ዓለምም ሣር ሲያጥረው ያላበላው ነገር የለም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የተራቡት ጀርመኖች ገለባን በኮስቲክ ሶዳ እያለሰለሱ ለከብት አበሉ። በሁለተኛው ጦርነት ስዊድኖችና ጎረቤቶቻቸው የወረቀት ፋብሪካውን ወደ መኖ አዙረው ከእንጨት የተገኘ ሴሉሎስ ለፈረስ አቀረቡ። ፈረሱም በላ፣ ሠራ! አሰር አሰር ነው፤ መንጋው ሊያቦካው የሚችል እስከሆነ ድረስ ከየት እንደመጣ አይጠይቅም። ዛሬ ከስኳር ቀይ ሥር የተረፈውን ጭማቂ አልባ ገለፈት በሰፊው ይመግባሉ፤ ቶሎ የሚቦካ ጥሩ አሰር ነው። እኛ ስኳር የምንሠራው ከሸንኮራ ነው፣ የሸንኮራው ገለፈት ደግሞ ለሆድ ከስንዴ ገለባ የባሰ ድርቅ ያለ ነው። ስለዚህ የሌላውን አገር ምክር እንዳለ መቅዳት አያዋጣም። ገለባን በዩሪያ ማከም የሚባለውም ለላም የታሰበ ነው፤ ፈረስ ከዩሪያው እምብዛም አይጠቀምም።

የሚገርመኝ አንድ ነገር አለ። ሌሞ ወረዳ ውስጥ አፍሪካ ራይዚንግ የሚባለው ፕሮጀክት ስለ መኖ ብዙ ሠርቷል፤ ትኩረቱ ላምና በግ ነበር። ደሾ ሣርም በየእርከኑ ተተክሏል። ተመራማሪዎች የኢትዮጵያን ፈረሶች በስምንት ዓይነት ሲከፍሉ የባሌ፣ የቦረና፣ የከፋ፣ የሰላሌ እያሉ ዘርዝረዋል፤ የ40,000ዎቹ አገር ስም ግን ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ከሁለት ሚሊዮን በላይ ፈረስ ባለበት አገር ፈረስ «ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ተብሎ ተተርቶለት ቀረ። ለማድረስም እኮ መብላት አለበት።

ባጃጁ አሁን ቦታውን ወስዶበታል። ያረጀ ፈረስ፣ ጥርሱ ያለቀ፣ ገለባ ማኘክ ያቃተው፣ ከከተማው ጫፍ ይለቀቃል፤ ሌሊት ጅብ ይጨርሰዋል። ያልተለቀቁት ግን ዛሬም እየሠሩ ነው፣ የሚያስተዳድሩትም ቤተሰብ አለ። ባለጋሪ የሆናችሁ ወይም ባለጋሪ ወንድም ያላችሁ እኔ የምለምናችሁ ይህን ነው፦ ፈረሱ ሲቆም ሁሉ፣ ተሳፋሪ ስትጠብቁም ቢሆን፣ ልጓሙን አውጡና እፍኝ ሣር ወይም ገለባ ስጡት። ማታ ከገለባው በፊት ውሃ ይቅደም። ፉርሽካውን ከተከተፈ ጭድ ጋር ለውሱት። መኖ ስትቀይሩ በሳምንት፣ በአሥር ቀን ቀስ እያላችሁ ይሁን። ገንዘብ የሚጠይቀው ውሃው ብቻ ነው።

እኔ ደግሞ ከእናንተ የምፈልገው አለ። ከሾኔ፣ ከጃጁራ፣ ከሺንሺቾ፣ ከዶዮገና ያላችሁ ልጆቼ፣ አያቶቻችሁን ጠይቁልኝ፤ ፉርሽካ ሳይመጣ በፊት በበጋ ለፈረስ የሚቆረጠው ቅጠል ምን ምን ነበር? ለለቅሶ የሚጋልበውስ ከመሄዱ በፊት ምን ይበላ ነበር? ስሙን በሐዲይሳም ሆነ በከምባቲሳ እንደሚጠሩት ጻፉልኝ። የእንሰቱ ዓይነት ስም ካለውም አትርሱ፤ ለከብት ይህኛው ይሻላል ብለው የሚለዩት አለና።