ከብራና እስከ ኮምፒውተር፦ ስለ መዝገብ ታሪክና ስለ ዕድራችን መዝገብ



በዘንድሮው ጠቅላላ ስብሰባ ላይ «ሁሉም ነገር ኮምፒውተር ውስጥ ገብቷል፤ አሮጌው መዝገብ ቦታ ከሚይዝብን ይወገድ» የሚል ሐሳብ ቀርቦ ለሚቀጥለው ስብሰባ መተላለፉ ይታወሳል። እኔ ከስድስተኛ ክፍል ያላለፍኩ ሰው ነኝ። ነገር ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ በመዝገብ ቤት ገቢና ወጪ ደብዳቤ ስመዘግብ ስለኖርኩ በዚህ ጉዳይ ዝም ማለት አልሆነልኝም። ከማውቀው ታሪክ ጥቂቱን ላቅርብና ፍርዱን ለእናንተ ልተው።

እንደሚታወቀው በአገራችን ጽሑፍ ለብዙ መቶ ዓመታት የኖረው በብራና ላይ ነው። ብራና ጠንካራ ነው። በዓድዋ አካባቢ በአባ ገሪማ ገዳም ያለው ወንጌል ከ1,300 ዓመት በላይ ቆይቶ ዛሬም ይነበባል። ጉድለቱ ምንድን ነው ቢሉ፣ አንዱን መጽሐፍ በእጅ ለመገልበጥ ብዙ ጊዜ ስለሚፈጅ ቅጂው ጥቂት መሆኑ ነው። የተወሰደ ዕለት ተወሰደ ነው። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ ብዙ መቶ መጻሕፍት ጭኖ ሲሄድ የደረሰብን ይኸው ነው።

ማተሚያ ሲመጣ ይህ ችግር ተቃለለ። በአፄ ምኒልክ ዘመን «አእምሮ» ጋዜጣ ሲጀመር በእጅ እየተገለበጠ ነበር የሚታደለው፤ ማተሚያ የገባው ከዚያ በኋላ ነው። በ1914 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤትን አቋቋሙ። በ1934 ዓ.ም. ደግሞ ነጋሪት ጋዜጣ መውጣት ጀመረ። ዱሮ አዋጅ የሚነገረው ነጋሪት እየተጎሰመ ነበር፤ የሰማ ሰማ፣ ያልሰማ ቀረ። ሲታተም ግን ቁጥርና ቀን ያለው፣ በየትም አገር አንድ ዓይነት ቃል ሆነ። በዚሁ በሰንጋ ተራ ያለው ኮሜርስም ታይፕና የሒሳብ አያያዝ እያስተማረ ለየመሥሪያ ቤቱ ጸሐፊ አወጣ። በካርቦን አንዱ ደብዳቤ ሦስት አራት ይሆናል። ዋናው ይሄዳል፣ ግልባጩ ከፋይል ይቀራል። የመዝገብ ቤት ሕግ ይኸው ነው፤ ወረቀት አንድ ቦታ ብቻ አይቀመጥም።

አሁን ደግሞ ኮምፒውተር መጣ። ጥቅሙን የሚክድ የለም። ቤታቸው ፈርሶ ወደ ጀሞና ወደ ቱሉ ዲምቱ የሄዱ አባሎቻችን እንደ ዱሮው ጡሩምባ አይሰሙም፤ ለቅሶ የሚደርሱት በስልክ መልእክት ነው። ወረቀትም የራሱ ጣጣ አለበት። የዕድራችን የመጀመሪያው ደብተር ቤቶቹ ሲፈርሱ ዝናብ መትቶት ቀለሙ ፈሰሰ፤ ሌላ ቅጂ ስላልነበረው የመሥራቾቹን ስም ዛሬ በቃል ነው የምንቆጥረው። ወረቀት ብቻ ይበቃል የሚል ሰው ካለ ይህን ያስብ።

ታዲያ ኮምፒውተር ብቻ ይበቃል ወይ? ባለፈው ዓመት መዝገቡን ስናስገባ እኔ አነባለሁ፣ የልጅ ልጄ ይጽፋል። ሠንጠረዡ ለስም፣ ለስልክና ለመዋጮ ቦታ አለው፤ በገጹ ጠርዝ ለተጻፈ ማስታወሻ ግን ቦታ የለውም። እኔም ጠርዙን እየዘለልኩ አለፍኩ። ከሦስት ወር በኋላ የአንድ አባላችን የሚስቱ እናት ሲያርፉ ስማቸው ከስልኩ ዝርዝር ታጣ። «ያልተመዘገቡ ናቸው» ተባለና ድንኳኑ ሳይወጣ አመሸ። ሌሊቱን አሮጌውን መዝገብ ከሣጥን አውጥቼ ብገልጥ፣ ከጠርዙ በቀይ ቀለም «የሚስቱ እናት ተጨምረዋል» ይላል፤ የጊዜው ዳኛ ፊርማና ቀኑም አለበት። ድንኳኑ ሲነጋ ተተከለ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ለቤተሰቡ ይቅርታ ጠይቄአለሁ፣ አሁንም እጠይቃለሁ። ግን እኮ መዝገቡ ተወግዶ ቢሆን ኖሮ ይቅርታዬ ለሐዘንተኛ ምን ይፈይድ ነበር?

ሌላም ልዩነት አለ። ወረቀት ላይ ሥርዝ ድልዝ ይታያል። የተሠረዘው ከነሥርዙ ይነበባል። የእኛ ሠንጠረዥ ላይ ግን አንዱ ስም ቢጠፋ ማን መቼ እንዳጠፋው ምልክት የለውም። ይህን የሚመዘግብ ፕሮግራም እንዳለ አዋቂዎቹ ነግረውኛል፤ እኛ ዘንድ ግን አልገባም።

በትልልቆቹም ቤት ችግር ይደርሳል። በጥቅምት 2016 ዓ.ም. የኮምፒውተር ሰርጎ ገቦች በእንግሊዝ አገር ብሪቲሽ ላይብረሪ የተባለውን ቤተ መጻሕፍት አጠቁት። በኮምፒውተር ይነበቡ የነበሩት የብራና ቅጂዎች፣ ከመቅደላ የሄዱት ጭምር፣ ለብዙ ወራት ሊከፈቱ አልቻሉም። ብራናዎቹ ግን ከመደርደሪያቸው አልተነቃነቁም።

የበጎው ምሳሌ ከእኛው አገር ነው። ከ1966 ዓ.ም. ጀምሮ በየገዳሙና በየአድባራቱ ያሉ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ተነሡ። ከ9,000 በላይ መጻሕፍት ተነሥተው ፊልሙ በአዲስ አበባም በአሜሪካ ሚኒሶታም ተቀመጠ። ፊልም ተነሣ ተብሎ ግን ብራናው አልተጣለም። መንግሥትም ቢሆን በአዋጅ ቁጥር 1205/2012 የኤሌክትሮኒክ ሰነድ ኤሌክትሮኒክ በመሆኑ ብቻ ሕጋዊነቱ እንዳይነፈግ ደነገገ እንጂ ወረቀታችሁን አቃጥሉ አላለም።

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ ሦስት ነው። አንደኛ፣ አሮጌው መዝገብ በሣጥን ተቆልፎ ይቀመጥ፤ እያንዳንዱ ገጽም ከነጠርዙ ፎቶ ይነሣ። ሁለተኛ፣ በየዓመቱ መጨረሻ የኮምፒውተሩ ዝርዝር ታትሞ ዳኛው፣ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ ፈርመውበት በማኅተም ይጠረዝ። ሦስተኛ፣ ፎቶውና ዝርዝሩ በፍላሽ ተገልብጦ ከሌላ የኮሚቴ አባል ቤት ይቀመጥ።

በዚያ መዝገብ ላይ ስማቸው ካለው ብዙዎቹ ዛሬ አብረውን የሉም። ነፍሳቸውን ይማር። ድንኳን ተሸክመው፣ ሬሳ አጅበው ይህን ዕድር ለእኛ ያቆዩን እነሱ ናቸው። የእጅ ጽሑፋቸውን ከመጣላችን በፊት በሚቀጥለው ስብሰባ ደኅና አድርገን እንድንመክርበት በትሕትና አሳስባለሁ።