«ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?»፦ አነቃቂ መድኃኒት፣ ጫትና ሊኔዞሊድ

ሐኪሙ ማዘዣ ከመጻፉ በፊት «ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ብሎ ይጠይቃል። ታካሚው «የለም» ይላል፤ አልዋሸም። ጫት በእርሱ ዘንድ መድኃኒት አይደለም። ጎደሎው ጥያቄው ነው።

ለትኩረት ማነስና ቅብጥብጥነት (ኤዲኤችዲ) የሚታዘዙት ዋነኞቹ አነቃቂዎች ሜቲልፌኒዴትና የአምፌታሚን ዝርያዎች ናቸው። ሜቲልፌኒዴት በነርቮች መጋጠሚያ ላይ የተለቀቁት ዶፓሚንና ኖርኤፒነፍሪን ተመልሰው እንዳይገቡ ያግዳል፤ አምፌታሚን ከጎተራቸው ጭምር ያስወጣቸዋል። የልብ ምትና የደም ግፊትም አብሮ ከፍ ይላል።

በ1975 እ.ኤ.አ. ከለጋ የጫት ቅጠል ተለይቶ የታወቀው ካቲኖን በመዋቅርም በአሠራርም የአምፌታሚን የቅርብ ዘመድ ነው። ስለዚህ ጠዋት ክኒኑን ውጦ ከሰዓት በኋላ የሚቅም ሰው በአንድ ልብ ላይ ሁለት ጭነት ያኖራል። ምርቃናውን በአልኮል ሲጨብስ ደግሞ ሌላ ጣጣ ይከተላል፦ ሜቲልፌኒዴት ከአልኮል ጋር ሲገናኝ ጉበት ውስጥ ኤቲልፌኒዴት የተባለ ውሁድ ይፈጠራል፤ በደም ውስጥ ያለው የሜቲልፌኒዴት መጠንም ይጨምራል። (ጫት ጣልቃ የሚገባው በአነቃቂዎች ብቻ አይደለም፤ ሲቃም አምፒሲሊን ወደ ደም የሚገባበትን መጠን እንደሚቀንስ በየመን ታይቷል።)

ከሁሉ የከፋው ግን ሞኖአሚን ኦክሲዴዝ የተባለውን ኢንዛይም ከሚያግዱ መድኃኒቶች ጋር የሚፈጠረው ግጭት ነው። ኢንዛይሙ ሲታገድ አነቃቂው ያስለቀቀው ኖርኤፒነፍሪን የሚያፈርሰው ያጣል፤ የደም ግፊት በድንገት ሊያሻቅብና በአንጎል ውስጥ ደም ሊያፈስ ይችላል። የእነዚህ መድኃኒቶች ታሪክ ከሳንባ ነቀርሳ ጋር የተያያዘ ነው። የመጀመሪያው አይፕሮኒያዚድ በ1950ዎቹ ለቲቢ ሲሞከር የታካሚዎችን ስሜት ማነቃቃቱ ተስተዋለ። ዛሬም መድኃኒት ለተላመደ ቲቢ የሚሰጠው ሊኔዞሊድ ይህንኑ ኢንዛይም በመጠኑ ያግዳል። አንቲባዮቲክ ስለሆነ ማንም የሚጠረጥረው የለም፤ የአምፌታሚን መግለጫዎች ግን አብሮ እንዳይወሰድ፣ ካቆሙም በኋላ 14 ቀን እንዲጠበቅ በስሙ ጠቅሰው ይከለክላሉ።

ሌሎቹን በአጭሩ፦ የጨጓራ አሲድን የሚያለዝበው ሶዲየም ባይካርቦኔት ሽንትን አልካላይን ስለሚያደርግ አምፌታሚን በሰውነት ውስጥ እንዲቆይ ያደርጋል። በጉንፋን መድኃኒቶች ውስጥ የሚገኘው ሱዶኤፌድሪን ግፊቱን ያባብሳል። ፍሎክሲቲንና ፓሮክሲቲን አምፌታሚንን የሚያፈርሰውን ሲዋይፒ2ዲ6 የተባለ ኢንዛይም ያግዳሉ፤ የሴሮቶኒን መብዛትም ያሰጋል። ይህን ኢንዛይም የሚሠራው ዘረመል በ1996 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን በ29 በመቶው ላይ ተደራርቦ ተገኝቷል። በእነርሱ ዘንድ መድኃኒቱ ቶሎ ሊፈርስ ስለሚችል፣ በሌላ አገር የተተመነ መጠን ለሁላችንም ልክ ነው ብሎ ማሰብ አያዋጣም።

እንግዲህ ባልደረቦቼ ጥያቄውን ይለውጡት፦ «ጫት ይቅማሉ? ስንት ሰዓት ላይ? ጨብሲውስ በምንድን ነው? የቲቢ ሕክምና ላይ ነዎት?» መልሱም ካርዱ ላይ ከመድኃኒቶቹ ስም ጎን ይጻፍ።