የበረራ ስንቅና መጠጥ (ዱርቤቴ)

ተጓዥ አውሮፕላን ከመሳፈሩ በፊት የሚቀምሰው ምግብና መጠጥ። የደቡብ አቸፈር ወረዳ ዋና ከተማ ዱርቤቴ አውሮፕላን ማረፊያ የላትም፤ ተሳፋሪዋ በመርዓዊ በኩል ባሕር ዳር ይገባል። ስለዚህ ሆዱን የሚሞላው መንገድ ላይ ነው፦ ሽሮ በእንጀራ፣ ረቡዕና ዓርብ ያለ ቅቤ፣ ከላዩ ቡና ወይም ቢራ። «ሽሮ አየር ላይ ሆድ ይነፋል» የሚለው ስጋት እዚህ የተጋነነ ይመስላል። የአውሮፕላን ውስጥ ግፊት ቢበዛ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ካለው ጋር ይቀራረባል፤ ባሕር ዳር 1,800፣ ቦሌ 2,300 ሜትር ገደማ ናቸው። ጣጣው ለዘመድ የሚያዘው አረቄ ነው። በዓለም አቀፍ የአቪዬሽን ደንብ አልኮሉ ከ70 በመቶ ያለፈ መጠጥ አይጫንም፤ ከ24 እስከ 70 በመቶ የሆነው ለአንድ ሰው እስከ 5 ሊትር ይፈቀዳል፣ ያውም በመሸጫ እሽጉ። በሃይላንድ ፕላስቲክ የተቀዳ የቤት አረቄ ይህን አያሟላም።