እንጦጦ፦ ብርድ፣ ግብርና ማገዶ

“በጥቅምት አንድ አጥንት” ይላል ያገሬው ሰው። ዝናቡ አባርቶ ሰማዩ ሲጠራና ሌሊቱ ውርጭ ሲያወርድ፣ ሥጋው ቢጠፋ አጥንቱ እንኳ ይገኝ ማለቱ ነው። የአባባሉ ትርጉም ደህና አድርጎ የሚገባው በብርዱ ወራት ከሽሮ ሜዳ ተነሥቶ እንጦጦን በእግሩ ለወጣ ሰው ነው። ተራራው ከባሕር ጠለል በላይ 3,200 ሜትር ያህል ከፍ ይላል፤ ከመሐል አዲስ አበባ ጋር ሲተያይ ልዩነቱ 800 ሜትር ገደማ ነው። ያን ያህል ዳገት በማለዳ የወጣ ሰው ፊቱ በብርድ ይቆረፍዳል፣ ጀርባው በላብ ይርሳል፣ ሆዱ ደግሞ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ይጮኻል።

ቅዳሜና እሑድ ጓደኛሞች ተጠራርተው ይወጣሉ። “ሃይኪንግ” ይሉታል። ሲወርዱ ጥብስና ቢራ፣ አለዚያም ጠጅ በብርሌ ይጠብቃቸዋል። ጨዋታው የሚደራው ያኔ ነው። ተራራው ግን ድግስ የለመደው ከእነሱ በፊት ነው።

ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ ሳሉ በ1870ዎቹ መቀመጫቸውን ወደ እንጦጦ አመጡ። ቦታው ለጥበቃ ይመቻል፤ ዙሪያውን ያሳያል፣ ለጠላትም ዳገት ነው። ከዚህም ሌላ የጥንት ነገሥታት ከተማ ነበረበት የሚል ወግ ነበር። ያሠሩት ቤተ መንግሥት ዛሬም ከእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ይታያል። ግድግዳው ጭቃ ነው፤ በኖራ ተለስኗል። የአንድ ግዛት መሪ ቤት ነው ብሎ ለሚያየው ትንሽ ነው።

ድግሱ ግን ትንሽ አልነበረም። በመስከረም 1880 ዓ.ም. የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሲመረቅ የምኒልክ ባለቤት ወይዘሮ ጣይቱ ብጡል አምስት ቀን የዘለቀ ግብር አበሉ። በሺህ የሚቆጠር ከብት፣ በግና ፍየል ታረደ፤ ቅቤና ማር ከየአውራጃው ተጫነ። አሜሪካዊው የታሪክ ጸሐፊ ጄምስ ማካን የአፍሪካን ምግብ ታሪክ በጻፈበት መጽሐፉ ለዚህ ግብር ትልቅ ቦታ ይሰጠዋል፤ የየክፍለ ሀገሩ ወጥ በአንድ ማዕድ ተሰብስቦ አገራዊ ምግብ የሚባለው ነገር የታየበት ቀን ነው ባይ ነው። ነገሩ ትንሽ የተጋነነ ቢመስልም፣ ጣይቱ ምግብን እንደ ፖለቲካ ያውቁበት እንደነበር ማንም አይክድም።

ግብር ተሰብስቦ መብላት ብቻ አልነበረም። ንጉሡ ከመጋረጃ ውስጥ ቀድመው ይበላሉ፤ ከዚያ መጋረጃው ይገለጥና መኳንንቱ በየማዕረጋቸው፣ ወታደሩም በተራ በተራ ይገባል። አጋፋሪው በር ላይ ቆሞ ማን ይግባ፣ ማን ይቆይ ይላል። አሳላፊው ያስተናግዳል። ብርንዶው እየተቆረጠ ይዞራል። ጠጁም እንደ ሰዉ ማዕረግ ነበረው፤ የጠራው ወደ ላይ፣ የቀጠነው ወደ ታች ይሄዳል። ተራው ሰው በቤቱ የሚጠጣው ጠላ ነበር።

ይህን ሁሉ ያበሰለው ማገዶ ነው። ምጣዱ ይነድዳል፣ ድስቱ ይጣዳል፣ ማርና ጌሾው ከመግባቱ በፊት ጋኑ በወይራ ጭስ ይታጠናል። ሌሊት ደግሞ ውርጩን የሚያባርር እሳት አይጠፋም። በዚያ ከፍታ ላይ የሰፈረ ሠራዊትና ቤተሰቡ ደኑን ለመጨረስ ብዙ ዓመት አልፈጀበትም።

ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ተብለው የነገሡት በዚሁ ተራራ ላይ፣ በእንጦጦ ማርያም፣ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ነው። ጣይቱ እቴጌ የተባሉት ከሁለት ቀን በኋላ ነበር። ወሩ ጥቅምት ነው፤ አጥንቱ ግን በየቤቱ አልነበረም። በምጽዋ በኩል የገባው የከብት በሽታ በሬውን ፈጅቶ፣ አገሩ “ክፉ ቀን” ያለው ረኀብ ተጀምሯል። ከሁለት ዓመት በፊት ያ ሁሉ ከብት ባንድ ሰሞን የታረደበት ተራራ፣ የሚያርስ በሬ ያጣ ገበሬ ሲያልፍበት አየ።

ቤተ መንግሥቱን ከእንጦጦ ያወረደው ሙቀት ፍለጋም ጭምር ነው። ጣይቱ ከተራራው ግርጌ ያለውን ፍል ውሃ ወድደው እዚያ ቤት ማሠራት ጀመሩ፤ አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ተቆረቆረች፣ ስሟንም ያወጡት እሳቸው ናቸው። ነገር ግን የማገዶው ችግር አብሮ ወረደ። ምኒልክ ከተማውን እንደገና ነቅለው ወደ አዲስ ዓለም ሊሄዱ አስበው ነበር። ያስቀራቸው ባሕር ዛፍ ነው፤ ከአውስትራሊያ የመጣው ይህ ዛፍ ቶሎ ያድጋል፣ ሲቆረጥም መልሶ ያቆጠቁጣል። ዛሬ ሃይኪንግ የወጣው ሰው “ንጹሕ አየር” እያለ የሚስበው ሽታ የዚያ የማገዶ ችግር ቅሪት ነው።

ባሕር ዛፉ የእናቶችም ሸክም ሆነ። ለብዙ አሥርት ዓመታት የአዲስ አበባ ምድጃ የነደደው እንጨት ለቅመው፣ ጎንበስ ብለው፣ ከእንጦጦ በወረዱ ሴቶች ጀርባ ነው። በዚያው ዳገት ላይ ኃይሌ ገብረ ሥላሴን የመሳሰሉ ሯጮች ልምምድ ሠሩ። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የእንጦጦ ፓርክ ሲከፈት ካፌውና ሬስቶራንቱ ወደ ተራራው ወጣ፤ ምሳ ለመብላት መውረድ የግድ መሆኑ ቀረ።

አሁንም ታች ወርዶ የሚበላው ግን ይበዛል። ከኅዳር 15 ጀምሮ የነቢያት ጾም ስለሚገባ፣ ብርዱ በሚበረታበት ሰሞን የብዙው ጓደኛ ማዕድ በያይነቱና ትኩስ ሽሮ ነው። አጥንቱ ለጥቅምት የቀረው ለዚህም ይሆናል።

በዚህ ብርድ የምትወጡ ከሆነ ጃኬት ያዙ። ስትወርዱ በቀጭኗ መንገድ ላይ እንጨት የተሸከመች እናት ከኋላችሁ ከመጣች ጠርዙን ይዛችሁ ቁሙና አሳልፏት።