የጎንደር ዘመን የእጅ ሥራና የገዳሪፍ ልጆቻችን

የኢዮቤልዩ በዓላችን ኮሚቴ ስለ አባቶቻችን የእጅ ሥራ ታሪክ አንድ ጽሑፍ እንድናበረክት ሲጠይቀን፣ እኛ ባለ ሱቅ እንጂ የታሪክ ምሁር አይደለንም ብለን ነበር። ሆኖም ሱቅ ውስጥ የሚውል ሰው ዕቃን ሲያይ ከምን ተሠራ፣ ማን ሠራው ብሎ መጠየቅ ልማዱ ነው። የምንጽፈውም ይህንኑ ነው።

በዓል በመጣ ቁጥር በማኅበሩ ግቢ ልጆቻችን የጥንት ልብስ ለብሰው፣ የካርቶን ጋሻ አንግበው ይታያሉ። በአገር ቤትም ጎንደር ላይ በጥምቀት ሰሞን ወጣቶች የነገሥታቱን ዘመን አለባበስ ያሳያሉ፤ በዓድዋ በዓል ፈረሰኞች ጎፈር ደፍተው ይወጣሉ። ደስ ይላል። ነገር ግን ልብሱን መልበስና ልብሱን መሥራት ለየቅል ነው። በፈረንሳይ አገር ጌድሎን በሚባል ሥፍራ ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሠራተኞች በ13ኛው መቶ ዘመን መሣሪያና ዘዴ አንድ ግንብ እየሠሩ ነው። ድንጋዩን እዚያው ይፈልጣሉ፣ ገመዱን እዚያው ይገምዳሉ፣ ጎብኚውም ከፍሎ ይመለከታል። እነሱ የጠፋባቸውን ሙያ ፈልገው ነው እዚህ የደረሱት። በእኛ አገር ግን ከዚያ ዘመን ሙያዎች ብዙዎቹ ዛሬም በሕይወት አሉ።

ለምሳሌ ብራናን እንውሰድ። አፄ ፋሲል ጎንደርን በ1636 እ.ኤ.አ. ከመቆርቆራቸው ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት በአገራችን በብራና ይጻፍ ነበር። በዓድዋ አቅራቢያ በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት ወንጌሎች በሳይንስ ተመርምረው ከ330 እስከ 650 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ውስጥ እንደተዘጋጁ ታውቋል። አሠራሩ እንዲህ ነው። የፍየሉ ቆዳ ለጥቂት ቀናት ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፤ በእንጨት ማዕቀፍ ላይ ዙሪያውን በገመድ ይወጠራል፤ ሥጋና ስቡ ተፍቆ በሻካራ ድንጋይ ይታሻል፤ ጠጉሩም ይፋቃል። በአውሮፓ ጠጉሩን ለማላቀቅ ቆዳውን በኖራ ይዘፈዝፉት ነበር፤ የእኛዎቹ ግን ያለ ኖራ በክንዳቸው ጉልበት ነው የሚጨርሱት። ከዚያ በወስፌ እየተበሳ መስመር ይወጣለታል፣ ብዕሩም ከመቃ ይቀረጻል። ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸትና ካረረ እህል ይዘጋጃል፤ የሚያያይዘው ደግሞ የግራር ሙጫ ነው። ይህ ሙጫ በገዳሪፍ ገበያ በጆንያ የሚሸጠው፣ ዐረቦቹ ሰምግ የሚሉት ነው! ዓለም ለለስላሳ መጠጥ የሚገዛው ዕቃ የአያቶቻችን የቀለም ሙጫ መሆኑን ስንት ልጆቻችን ያውቃሉ?

የጥጡም ነገር እንዲሁ ከዚህ ቆላ ጋር የተያያዘ ነው። ከጎንደር በመተማና በገላባት አድርጎ ወደ ስናር በሚወስደው መንገድ ነጋዴዎች ቡና፣ ሰም፣ ጥጥ፣ ያሳዝናል እንጂ ባሪያም ጭምር ያመላልሱ ነበር። ጥጡ በመዳመጫ ፍሬው ይወጣል፣ በደጋን ይነደፋል፣ በእንዝርት ይፈተላል። መፍተል ለእመቤትም ክብር ነበር። ያንኑ ፈትል ተቀብሎ ሸማ የሚሠራው ሸማኔ ግን ይናቅ ነበር። ይህ ለእኛ እስከ ዛሬ አይገባንም።

በእርግጥ እነዚህን ዕቃዎች የሠሩት እነማን ናቸው? በጎንደር ከሸማኔዎቹ ብዙዎቹ አዲስ ዓለም በሚባለው ሠፈር የሚኖሩ ሙስሊሞች ነበሩ። ብረት የቀጠቀጡት፣ ሸክላ የሠሩት፣ በነገሥታቱም ግንብ ላይ በግንበኝነትና በአናጢነት የደከሙት ቤተ እስራኤል ነበሩ። በ1668 እ.ኤ.አ. በቀዳማዊ አፄ ዮሐንስ ዘመን ሁለቱም ወገኖች ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲሰፍሩ ታዘዘ። ቤተ እስራኤል ርስት ተነፍገው በእጅ ሥራ ሲያድሩ፣ ማታ ጅብ ይሆናሉ፣ ቡዳ ናቸው ተባሉ። ማረሻውን ከእነሱ ገዝቶ ያረሰ ሰው በእነሱ ዓይን እንዳይበላ ልጁን ይደብቅ ነበር። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን ጠይብ፣ ፋቂ እያሉ መስደብ እንዲቀር አዋጅ አስነግረዋል። ጸሐፊውም ሳይቀር ጠንቋይ እየተባለ ይሰደብ ስለነበር አዋጁ ለእሱም ነበር። ስድቡ ግን ከአዋጁ በኋላም ቆየ።

ወደ ገዳሪፍ እንመለስ። በ1984 እ.ኤ.አ. የረሃብና የስደት ዘመን ቤተ እስራኤል ከጎንደር በእግር ተጉዘው ወደዚህ አካባቢ መጡ። ከሰፈሩባቸው ቦታዎች አንዱ ኡም ራኩባ ነው፤ በ2020 እ.ኤ.አ. ከትግራይ ለተሰደዱ ወገኖቻችን እንደገና የተከፈተው ያው ሥፍራ ማለት ነው። ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ወደ 8,000 የሚጠጉት በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተወሰዱ። በመንገድና በሱዳን መጠለያዎች የሞቱት ግን ወደ 4,000 እንደሚደርሱ ይነገራል፤ በኢየሩሳሌም በሄርዝል ተራራ መታሰቢያ ቆሞላቸዋል። እነዚያ ሙታን የጎንደርን ግንብ የሠሩ ሰዎች የልጅ ልጆች ናቸው። የተቀበሩትም እኛ ሰሊጥና ማሽላ በምንገዛበት አገር ነው። ልጆቻችን የካርቶን ጋሻ ሲይዙ ይህን የነገራቸው አለን?

ከዚህ በመነሳት ነው በማኅበሩ ግቢ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልጆች በእጃቸው እንዲሠሩ የተጀመረው። አንዲት እናታችን መፍተል ያስተምራሉ፤ አንድ የቀድሞ የቆሎ ተማሪ ደግሞ ብራና ወጥረው ያሳያሉ። የገዳሪፍ ሙቀት ቆዳውን ቶሎ ስለሚያደርቀው በየጊዜው ውሃ መርጨት ግድ ነው፤ ሽታውንም ጎረቤቶቻችን ታግሰውናል። በካርቱም ጦርነቱ ሚያዝያ 2023 እ.ኤ.አ. ከጀመረ ወዲህ ከዚያ የመጡ ልጆችም ተጨምረዋል። ከእነሱ አንዳንዶቹ ከአማርኛ ዐረብኛ ይቀናቸዋል፤ እንዝርት ለማሽከርከር ግን ቋንቋ አላስቸገራቸውም።

ችግር የገጠመን በሽመናው ነው። ጉድጓዱ ተቆፍሮ፣ ድሩ ተዘርግቶ፣ ልጆቹ መወርወሪያውን ለመያዝ ሲሻሙ፣ አንድ አባት መጥተው «ልጄን ሸማኔ ልታደርጉት ነው?» ብለው እጁን ይዘው ወሰዱት። እኚህ ወንድማችን በበዓል ቀን ከሁላችን የበለጠ ያማረ ጥበብ ይለብሳሉ። ስማቸውን አንጠራም፤ ይህን ጽሑፍ እንደሚያነቡ ግን እናውቃለን። የልጃቸው ቦታ እስካሁን በሌላ ልጅ አልተያዘም።

ለቤት ልምምድ ጥጥ የምትፈልጉ ወላጆች በሱቃችን ጠይቁ፤ ለልጆች በመጣበት ዋጋ እንሰጣለን።